በሩን የከፈተ እንግሊዝኛ

ኮምቦልቻ ወርጄ ማስተማር የጀመርኩት ደሴ ሥራ አጥቼ አይደለም። ቧንቧ ውሃ ካለው ቤታችን በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት ነበረኝ። ዓመት ሳይሞላኝ ግድግዳው የጠበበኝ መሰለኝና ለቀቅኩ። ሌላ ገባሁ፤ እሱንም ለቀቅኩ። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ምን ቆንጥጦሽ ነው?" ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ በሐረጎ ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ የኮምቦልቻ ሙቀት ፊቴን ሲመታኝ "እስቲ ደግሞ እዚህ ልሞክር" አልኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ደሴ ላይ ሹራብ ለብሼ እሳፈራለሁ፣ ኮምቦልቻ ስወርድ ሹራቡን በክንዴ አንጠልጥዬዋለሁ። ማታ ስመለስ መልሼ እለብሰዋለሁ። ሰው ይህን ድካም ይለዋል። እኔ ግን ከቀኑ ሁሉ ልቤ ጸጥ የሚልልኝ መኪናው ሲንቀሳቀስ ነበር።

ኮሌጅ የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። ጓደኞቼ ሁለተኛ ደረጃ ሊያስተምሩ ሲገቡ እኔ መዋዕለ ሕፃናት ገባሁ። ሰዎች አዘኑልኝ። ሕፃናትን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ቤተሰቤ ወንጌላውያን ናቸው፤ እሁድ እሁድ ትልልቆቹ ስብከት ሲሰሙ ትናንሾቹን ጓሮ ወስጄ የማዘምራቸው እኔ ነበርኩ። ደግሞስ ቁጭ ብሎ መዋል የማይሆንለት ሰው ከማን ጋር ይስማማል? ቁጭ ማለት ከማይችሉት ጋር እንጂ።

የዚያን ዓመት ልጆቼ አራት ዓመት የሞላቸውና ሊሞላቸው የተቃረቡ ነበሩ። ብዙዎቹ የተወለዱት በጦርነቱ ሰሞን፣ ሁላችንም ቤታችንን ዘግተን በሸሸንበት ጊዜ ነው። እናቶቻቸው ሲያመጧቸው "ይቺን መንገድ ላይ ነው የወለድኳት"፣ "ይሄን በስድስት ወር እርግዝና ተሸክሜው ነው ተራራ የወጣሁት" ይሉኝ ነበር። ልጆቹ ይህን አያውቁም። ወንበር ይገለብጣሉ፣ ጠመኔ ይቀረጥፋሉ፣ የጓደኛቸውን ምሳ ከፍተው ያያሉ።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ርዕሰ መምህርትም ነበረች። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ አንቺ እንባባል ነበር። አንድ የማይነካ ሕግ ነበራት፦ ከበሩ ወዲህ አማርኛ የለም። ክፉ ሆና አይደለም። ከገጠር ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ጥያቄ ለመጠየቅ ቆማ፣ እንግሊዝኛው አፏ ላይ ተሰባብሮባት፣ ክፍሉ ሙሉ እንደሳቀባት ነግራኛለች። "የእኔ ተማሪዎች እንደዚያ አፍረው አይቀመጡም" አለች። ወላጆችም ልጆቻቸውን የሚያመጡት ለዚህ ነበር። ሕፃኑ ቤት ገብቶ "ጉድ ሞርኒንግ ማሚ" ሲል እናትዬዋ ለጎረቤት ታስደምጣለች።

ስለዚህ ልጆቼ መጀመሪያ የተማሩት የሚያስፈልጋቸውን ነው። ከሁሉ በፊት የተማሩት "ሜይ አይ ጎ አውት" የሚለውን ነው፤ "ልውጣ?" ማለት ነው። ያለ እሱ ሽንት ቤት መሄድ አይቻልም። እነሱ አፍ ላይ ግን አንድ ቃል ሆኖ ቀረ፦ ሜያጎዋት። ምን ማለት ነው ብትሏቸው "ሽንት" ይሏችኋል። ሁለተኛው "አይ አም ፋይን ሳንኪው" ነው። ክፍል የገባ ሰው ሁሉ እንዴት ናችሁ ሲላቸው በአንድ ድምፅ፣ በዜማ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይሉታል። እየወደቁ እንኳ ይሉታል። አንዷ ጉልበቷ ተልጦ እየደማ ስታለቅስ "ምን ሆንሽ?" ብላት፣ እንባዋን እየዋጠች "አይ አም ፋይን ሳንኪው ቲቸር" አለችኝ። የዚያን ቀን ሚኒባስ ውስጥም አልተረጋጋሁም።

ከልጆቹ መካከል መስኮቱን የሚወድ አንድ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ጆሮው ትንሽ ወጣ ወጣ ያለ፣ ወንበሩ ላይ አንድ እግሩን አጥፎ እንደ ወፍ የሚቀመጥ። አባቱ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ክፍላችን ወደ ዋናው መንገድ ስለሚያይ የመኪና ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር እሱ ይነሳል።

አንድ ቀን የመኪና ሥዕሎች ለጥፌ "ካር፣ ባስ" እያልኩ አስደግማቸዋለሁ። ወደ ተሳቢው መኪና ሥዕል ደርሼ "ዚስ ኢዝ ኤ ትራክ" ስል ልጁ ብድግ አለ።

"አይደለም! የአባቴ ነው!"

ሞግዚቷ፣ ልጆቹን በመያዝ የምታግዘኝ ልጅ እግር ሴት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ኢንግሊሽ!" አለችው። ልጁ አፉን ዘጋ። እኔም ወደ ሥዕሉ ተመለስኩ፤ እረፍት ላይ ግን ከዛፉ ሥር አገኘሁትና ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ "የአባትህ መኪና ምን ዓይነት ነው?" አልኩት። ዙሪያውን አየና "ቀይ ነው። እንዲህ ይላል" ብሎ ጉንጩን ነፍቶ ጥሩምባውን አሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ሲሰማ እጁን ማውጣት ጀመረ። "ሜያጎዋት!" ይላል። ሞግዚቷ ሽንት ቤት ትወስደዋለች፣ ሽንት የለም፣ ትመልሰዋለች። "ይሄ ልጅ ብርድ መትቶታል መሰለኝ" ትለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን መንገዱ ተዘጋ። በእኛ አገር መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሰው ለምን ብሎ መጠየቁን እየተወ ነው። ለቀናት ከባድ መኪና ድምፁ ጠፋ። እኔም ደሴ ታግጄ ቤት ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስል ከረምኩ። አንድ ጠዋት "ተከፍቷል" ተባለና የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። የታገቱት ከባድ መኪኖች ሁሉ በአንድ ላይ ተለቀው ኮምቦልቻን ሞልተዋታል። ከተማው በጥሩምባ ይጮሃል።

ትምህርት ቤታችን ደግሞ የሽንት ቤቱ ቱቦ ፈንድቶ ግቢው ይቆፈር ነበር። ልጆቹ ሲቸግራቸው ሞግዚቷ በዋናው በር አውጥታ ጎረቤት ግቢ ትወስዳቸዋለች። ዘበኛው ደሴ ዙሪያ ገበሬ የነበሩ፣ እርሻቸውን ለልጃቸው ትተው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ።

ከእረፍት በኋላ ልጆቹን በክብ አቁሜ እያዘመርኩ ስዞር አንድ ቦታ ላይ ሁለት እጆች መያያዝ ሲገባቸው አልተያያዙም። መሃላቸው ሰው ጎድሏል። መስኮቱን አየሁ፤ የለም። ሞግዚቷ ከሌላ ልጅ ጋር ከውጭ ገባች።

"እሱስ?" አልኳት።

"ማን? እኔ እሱን አልወሰድኩም።"

ዘፈኑን ለእሷ ትቼ ወደ በሩ ሮጥኩ።

"አባባ፣ ልጅ ወጥቷል እንዴ?"

"አዎ ወጥቷል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ጠይቆኝ ነው የወጣ።"

"ምን ብሎ?"

"ያችኑ እንግሊዝኛችሁን፣ 'ሜያጎዋት' አለኛ። እሷን ካለማ አስተማሪይቱ ፈቅዳለታለች፣ ሞግዚቷም ኋላው አለች ብዬ ከፈትኩለት።" ከዚያ ፊቴን አዩ። "ምነው? አልነበረችም?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው "ወይኔ ልጄን!" እያሉ ከእኔ ቀድመው ወጡ። ርዕሰ መምህርቷ ከቢሮዋ ብቅ ብላ "ቀስ በሉ፣ አትጩሁ፣ ሰፈር እንዳይሰማ!" ስትል ሰማኋት። እሳቸው ወደ ወንዙ ወገን ሄዱ። እኔ ግን የአባቱን ቀይ መኪና አስቤ ጥሩምባው ወደሚጮህበት ወደ ዋናው መንገድ ሮጥኩ።

"ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰ ትንሽ ልጅ አላያችሁም?" ባለ ሱቁን ጠየቅኩ፤ ድንች የምትሸጥ ሴት ጠየቅኩ፤ ጫት የሚበትን ሰው ጠየቅኩ። አንዱ ወደ ላይ ያመለክታል፣ አንዷ ወደ ታች። መኪኖቹ እንደ ቤት ተደርድረው፣ ከጎማቸው ሥር ልጅ ቢቀር እንኳ የሚያየው የለም። በየጎማው ሥር እየጎነበስኩ አየሁ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሾፌሩ "እህቴ፣ ልጅ ነው የጠፋሽ? ግቢ!" አለኝ። ገባሁ። "ቀይ ተሳቢ ያለበትን ሁሉ አሳየኝ" አልኩት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም።

ያገኘሁት ከከተማው መውጫ አቅራቢያ አንድ ጎሚስታ በር ላይ ነው። ሰው ተሰብስቧል። ባጃጁ ሳይቆም ዘለልኩ። ልጁ የተነፈሰ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ በእንባና በአቧራ ተለውሶ፣ በሁለት እጁ ለስላሳ ይዟል። ጎማ የሚጠግነው ሰው ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ይለምነዋል።

"ወንድሜ፣ የማን ልጅ ነህ? እናትህ ማን ትባላለች?"

ልጁ እየተንሰቀሰቀ "አይ አም ፋይን ሳንኪው" አለ።

"ይኸው ነው እንግዲህ" አለኝ ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳያውቅ። "ከመጣ ጀምሮ ከዚህ ሌላ አይወጣውም። አማርኛ አይችልም። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ልጅ ይሆን እንዴ ብለን ለፖሊስ ልንደውል ነው።"

ከፊቱ ተንበረከክኩ። ሲያየኝ ለስላሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ተነስቶ ግን አልመጣም። ዓይኑ ይዋልላል። የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

"ቲቸር፣ በአማርኛ ላውራ?" አለኝ።

"አውራ" አልኩት። "አውራ የኔ ጌታ፣ የፈለግከውን አውራ።"

ያኔ ፈነዳ። "አባቴ የለም! ሁሉንም አየሁ! ቀዩን አየሁት፣ ሌላ ሰውዬ ነው ያለበት! እናቴን ጥሯት!" እያለ አንገቴን አንቆ ጮኸ። ጎሚስታው በዘይት እጁ ራሱን ያዘና "ሱብሃነላህ! ይችላል እኮ!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጁን አቅፌ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። የባጃጁ ሾፌር እስከ ትምህርት ቤቱ በር መለሰን።

ዘበኛው ከወንዙ ተመልሰው፣ ጫማቸው ጭቃ እንደሆነ፣ በሩ ላይ ቆመዋል። ልጁን ሲያዩት ሦስት ጊዜ አማተቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ርዕሰ መምህርቷ ልጁን ከእጄ ተቀብላ ፊቱን አጠበችው፣ ደረቷ ላይ አስተኛችው። ሲያንቀላፋ ግን እንዲህ አለችኝ፦

"ተገኝቷል፤ አለቀ። ለእናቱ ነግረን ለምን እናስደነግጣታለን? ዘበኛውን ዛሬውኑ አሰናብታለሁ።"

"እነግራታለሁ" አልኳት።

"እና ነገ ወላጅ ሁሉ ልጁን ከትምህርት ቤቱ ያስወጣ?"

"እኔ ካልነገርኳት ጎሚስታው ይነግራታል። ዘበኛው ደግሞ ምን አጠፉ? እንግሊዝኛ የተናገረ ልጅ ይለፍ ያልነው እኛ ነን።"

ልጁን እንደታቀፈች ወደ ቢሮዋ ገባች።

እናቲቱ ከሥራ ወጥታ፣ ሻሿ የክር ብጥስጣሽ እንደያዘ መጣች። በሩ አጠገብ አንድ ድንጋይ ነበረ፤ እዚያ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። "ያ አላህ!" ብላ አፏን ያዘች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ልጁን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ዳብሳ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባቱ ስልኩ አይሠራም" አለችኝ። "መንገድ ሳይዘጋ ጀምሮ። ጓደኞቹን ብጠይቅ አፋር፣ ሚሌ ላይ አየነው ይሉኛል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ለልጁ ምን ልበለው? 'ይመጣል፤ ጥሩምባ ስትሰማ እሱ ነው' አልኩታ። ዝም እንዲልልኝ ብዬ ነው፣ ወላሂ።"

የዚያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሐረጎን ስንወጣ፣ ከፊታችን የሚያዘግመውን ከባድ መኪና ሁሉ ሾፌሩን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቲቱ ሥራዋን አስፈቅዳ ቢሮ ገባች። እኔም ተጠራሁ። ርዕሰ መምህርቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር እናቲቱ አቋረጠቻት።

"እኔ ልጄን ያመጣሁት እንግሊዝኛ እንዲማርልኝ ነው። አሁንም ይማርልኝ። እኔ አልቻልኩትም፣ እሱ ይቻለው። ግን ሲጠፋ የእናቱን ስም እንዲናገር ፍቀዱለት። ሌላ አልጠይቅም።" ልትወጣ ተነስታ ደግሞ ዞረች። "ሽማግሌውን ደግሞ እንዳታባርሩ። በእኔ ልጅ ሰበብ ሰው እንጀራው ቢቆረጥ ሐራም ነው።"

ከሄደች በኋላ ርዕሰ መምህርቷ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች "እኔ ለክፋት አይደለም" አለችኝ። "አውቃለሁ" አልኳት። "ምን ልታደርጊ ነው ያሰብሽው?" ስትለኝ ሌሊቱን ያሰላሰልኩትን ነገርኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ እንግሊዝኛ ከመጀመራችን በፊት፣ አንድ ጨዋታ እንጫወት ነበር። አንዱ ልጅ መሃል ላይ ይቆማል፤ የጠፋው ልጅ እሱ ነው። ሌላው ፖሊስ ይሆናል፣ ሌላዋ ባለ ሱቅ፣ ሌላው ባለ ባጃጅ። "የማን ልጅ ነሽ? ቤትሽ የት ነው? እናትሽ ማን ትባላለች?" ሁሉም በአማርኛ። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ከማውራታቸው በፊት በሩን ያዩ ነበር። እናታቸው "እማ" እንጂ ሌላ ስም እንዳላት የማያውቁም ነበሩ፤ አንዷ ቤት ሄዳ ጠይቃ መጥታ፣ የእናቷን ስም እንደ አዲስ ከረሜላ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ዋለች።

እንግሊዝኛው ይበላሻል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ሌላ ነው። መጠየቅ ሲፈቀድላቸው መጠየቅ ጀመሩ። "ቲቸር፣ ጭቃ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ቅድመ አያትስ? አኩርፌያለሁስ?" ከእኔ አፍ ተቀብለው ሮጠው ለሌላው ይሸጡታል። መልስ ማግኘት ያቃተኝም ጊዜ ነበር። ልጁም አንድ ቀን ቀሚሴን ጎተተና "አባቴ መቼ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ?" አለኝ። ነገርኩት። ደጋግሞ እስኪይዘው አስደገምኩት፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ መንገዱን ጠየቀው። እኔ የማስተምረውን ሁሉ ረስቼ ቆምኩ።

ወሬው የመጣው ሰንብቶ ነው። አንድ ሾፌር ነው ያመጣው፦ አባትየው አፋር ላይ ወባ ጥሎት፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ መኪናውን ባልደረባው ወስዶለት፣ ሐኪም ቤት ተኝቷል። እናቲቱ ይህን ልትነግረኝ ስትመጣ እየሮጠች ነበር፤ "በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ!" ካለች በኋላ ነው "እንደምን አደርሽ" ያለችኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ በከበደበት አንድ ጠዋት፣ ዘበኛው ክፍላችን በር ላይ ቆመው "ቲቸር፣ እንግዳ አለብሽ" አሉኝ። ከኋላቸው አንድ ከሳ ያለ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ቆሟል። መኪና አልያዘም፤ ከአፋር በአውቶቡስ መጥቶ ከመናኸሪያ በእግሩ ነው የደረሰው። ልጆቹ ልማዳቸው ነውና ተነስተው "አይ አም ፋይን ሳንኪው" እያሉ ጮኹለት። ልጁም አብሮ ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። አባቱን ሲያይ አልሮጠም። በጎኑ አልፎ ወደ ውጭ አየ፣ መንገዱን አየ፣ ተመለሰና፣

"መኪናውስ?" አለው።

አባትየው ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋ። ያኔ ነው ልጁ የሄደለት። ሰውዬው ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት አልሄደም። በልጆቹ ትንሽዬ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ ተቀምጦ፣ የተባለውን ሁሉ ሲደግም ዋለ። "ትራክ" ስንል ከሁሉ በላይ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ለቀቅኩ። ርዕሰ መምህርቷ "ምን ጎደለሽ?" አለችኝ። ምንም አልጎደለኝም ነበር፤ ግን ያው መስኮት፣ ያው መንገድ፣ እያንዳንዱ ጥሩምባ ልቤን ያነሳዋል። አሁን ደሴ ሆጤ ሰፈር አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። እዚህ ደግሞ ጭጋጉ መስኮቱን ይሸፍነዋል። እስከ መቼ እንደምቆይ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል ሆኜ ስልኬ ጠራ። ርዕሰ መምህርቷ ናት። አዲሷ አስተማሪ የጠፋውን ልጅ ጨዋታ ልታጫውት ብትሞክር ልጆቹ ሁሉ ፖሊስ መሆን ፈልገው ተደባደቡ አለችኝ። "እንዴት ነበር የምታደርጊው? እኔ ራሴ ገብቼ ላሳያት ነው" አለች። ሽንኩርቴን መሬት አስቀምጬ፣ በጫጫታው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መጀመሪያ ልጆቹን በክብ እንድታስቆማቸው ነገርኳት።